ጠይቆ ማልቀስ፦ በሞት ለተለየ ሙዚቀኛ የሬዲዮ መታሰቢያ ዝግጅት አሠራር

ልጅ ሳለሁ በአንድ ለቅሶ ቤት ያየኋት አልቃሽ ከአእምሮዬ አትጠፋም። ከሩቅ ቀበሌ ነው የመጣችው፤ ሟቹን በአካል አታውቀውም። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ወዲያው ሙሾ አላወረደችም። ከቤቱ ሴቶች ሁለቱን ወደ ጓሮ ጠርታ ብዙ ጠየቀቻቸው። የማን ልጅ ነው? በምን ሥራ ያድር ነበር? ለማን ደረሰ? ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? ከዚያ ተመልሳ ስታወርድ እያንዳንዱ ስንኝ የእሱ ብቻ ነበር፤ ለሌላ ሰው ቢባል አይገጥምም። ዓይኑ ደርቆ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ያነባው ያኔ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማይክ ፊት ተቀምጬ የመጀመሪያውን የመታሰቢያ ዝግጅቴን ሠራሁ። “ታላቅ ነበር፣ የማይተካ ነበር፣ አገር አጣች” እያልኩ አንድ ሰዓት ሞላሁ። ቆይቼ ቅጂውን ሳዳምጠው ደነገጥኩ። የሟቹን ስም አውጥቶ የሌላ ዘፋኝ ስም ማስገባት ይቻላል፤ ምንም አይጎድልበትም። ሳልጠይቅ ነበር ያለቀስኩት።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እናንተ ያንን ስሕተት እንዳትደግሙ ነው። በኤፍኤም ጣቢያ ለምትሠሩ፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለምታዘጋጁ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ በሳምንት አንድ ሰዓት ይዛችሁ ለወገኖቻችሁ ለምታሰሙ ሁሉ ይሆናል። ለምሳሌነት አብዛኛውን ጊዜ የማነሣው ጥላሁን ገሠሠን ነው። አድማጭ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ስለሆነ፣ ባወቅነው ሰው ላይ እንኳ ምን ያህል ያልጠየቅነው ነገር እንዳለ ያሳየናል።

1. መርዶ ነጋሪ አትሁኑ

በባህላችን መርዶ የሚነገረው በሥርዓት ነው። ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ፣ ብዙ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ ደጋፊ በተገኘበት ይነገራል። ሬዲዮ ይህን ሥርዓት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያፈርሰው ይችላል። የሟቹ እናት ወጥ እያማሰለች፣ እኅቱ ዱባይ በአሠሪዎቿ ቤት እየሠራች፣ ልጁ አትላንታ ታክሲ እየነዳ ከእናንተ አፍ እንዳይሰሙት ተጠንቀቁ።

ስለዚህ ዜና ዕረፍቱን ከማንበባችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛ፣ ሞቱ እውነት ነው? በሕይወት ያሉ ዘፋኞች በተደጋጋሚ “ሞቱ” ተብሎ ይወራባቸዋል። አንድ ወሬ በአሥር ሰው ስልክ ላይ ቢገኝ አሥር ምንጭ አይደለም፤ ያው አንዱ ወሬ ነው። ከቤተሰቡ ወይም ቤተሰቡ ከወከለው ሰው በቀጥታ ስሙ።

ሁለተኛ፣ የቅርብ ቤተሰቡ መርዶውን ሰምቷል? ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ። “እኛ የምንናገረው እናንተ ስትሉን ነው” ስትሏቸው የምታገኙት አመኔታ፣ ከሌላ ጣቢያ በአሥር ደቂቃ ከመቅደም ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ስለ አሟሟቱ ምን እንዲነገር ይፈልጋሉ? ሟቹ በሕይወት ሳለ በአደባባይ የታወቀውን ማንሣት ነውር የለውም። ጥላሁን በስኳር ሕመም እግሩን ማጣቱን ሕዝብ ያውቅ ነበር። ሟቹ ደብቆት የኖረውን ሕመም ግን ከሞተ በኋላ መግለጥ የእናንተ ሥልጣን አይደለም። መላ ምትም ጨርሶ አታሰሙ።

2. ቀኑን በሁለት አቆጣጠር ቁጠሩ

በመታሰቢያ ዝግጅት በብዛት የሚሳሳቱት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ከውጭ መጽሔት ያገኘሁትን የልደት ዘመን በጥድፊያ ሰባት ቀንሼ አነበብኩ። ዝግጅቱ ሳያልቅ የሟቹ ወንድም ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፦ “ልጄ፣ ታላቄን ታናሼ አደረግኸው።” ይቅርታውን በአየር ላይ ጠየቅሁ፤ ዛሬም ድረስ ግን ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስሌቱ ይህ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ፣ ማለትም የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ፣ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ስትደምሩ 1940 ይሆናል። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ላይ ስምንት ደምራችሁ 2009 ትላላችሁ። በሁለቱም ላይ ስምንት የደመረ አዘጋጅ ዕድሜውን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል።

ቀን ስታረጋግጡ ደግሞ ቁጥር ብቻ አታረጋግጡ፤ ቀኑ ምን ዕለት እንደነበር እዩ። መስከረም 17 መስቀል ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ፋሲካ ነበር። ጥላሁን በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ዐረፈ። ይህን ከየትም አልፈጠርነውም፤ የቀን መቁጠሪያ ገልጠን ያገኘነው ነው። ሆኖም “ታላቅ ነበር” ከሚል መቶ ዐረፍተ ነገር ይልቅ አድማጩን ቀጥ ያደርገዋል።

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቅጂውን ከቤተሰቡ ለምኑ። ነገር ግን በሐዘን ሌሊት፣ በጥድፊያ የተጻፈ መሆኑን አትርሱ። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የተቀጠረበትን ዘመን፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ዓመት ከካሴትና ከሸክላ ሽፋን፣ ከድሮ ጋዜጣና ከባልደረቦቹ ጋር አመሳክሩት።

3. አንድ ዐረፍተ ነገር ያዙ

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ወረቀት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፦ “ይህ ሰው … ነው።” ክፍት ቦታውን የምትሞሉት ለሌላ ሰው በማይሆን ነገር ነው። ዝግጅቱ ሁሉ በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ይቆማል፤ የማይደግፈውን ታሪክ፣ የቱንም ያህል የሚጥም ቢሆን፣ ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

በጥላሁን ላይ እንሞክረው። አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ከአያቱ ዘንድ አደገ፤ እዚያው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። ገና በልጅነቱ ወደ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ። ከዚያ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አለፈ። የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በክቡር ዘበኛ መሪነት ስለተደረገ እሱም ታስሮ ነበር። በኋላ ዛሬ ብሔራዊ በምንለው ቴአትር ሠራ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ከዚህ ሁሉ ምን ዐረፍተ ነገር ይወጣል?

አንዱ አዘጋጅ “ንጉሥ፣ ደርግና ኢሕአዴግ ተፈራርቀው እሱ ግን ከሕዝብ ጆሮ ያልወረደ ድምፅ ነው” ሊል ይችላል። ሌላዋ “የወሊሶ ልጅ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጉሮሮ ያኖረ ነው” ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን የተለያየ ዝግጅት ይወጣቸዋል። የመጀመሪያው ዘመኑን ይከተላል፤ ዘፈኖቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ያሰማል። ሁለተኛው ከወሊሶ ይጀምራል፤ የኦሮምኛ ዘፈኖቹን መሐል ላይ ያስቀምጣል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ እንግዳ ይጋብዛል። ሁለቱን ባንድ ሰዓት ለማስገባት የሞከረ ሁለቱንም ያጣል።

4. ዘፈኖቹን በጆሮ ምረጡ

አብዛኛው አዘጋጅ ሰው ሲሞት የሐዘን ዘፈኖቹን ብቻ ይደረድራል። ሟቹ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝን አልኖረም። ሰርግ ላይ አስጨፍሯል፤ አፍቅሯል፤ ተቆጥቷል፤ ቀልዷል። የደስታ ዘፈኑን በመታሰቢያው ሰዓት የሰማ አድማጭ ነው “ለካ ይህንን ነው ያጣነው” የሚለው።

ለአንድ ሰዓት ዝግጅት ከስድስት እስከ ስምንት ዘፈን ይበቃል። ስትደረድሩ እነዚህን አስቡ።

ቅኝቱን አፈራርቁ። ሦስት ትዝታ ተከታትሎ ከመጣ ሦስተኛው አይሰማም። ከትዝታ ቀጥሎ ባቲ፣ ከአምባሰል ቀጥሎ አንቺሆዬ ብታደርጉ ጆሮ ያርፋል፤ ተመልሳችሁ ወደ ትዝታ ስትመጡም እንደ አዲስ ይነካል።

ቢያንስ ሁለት ዘፈን ሳይቆረጥ ይሰማ። መግቢያውን በወሬ አትሸፍኑ፤ መውጫውን አትቁረጡ። በክቡር ዘበኛ ዘመን የነፋስ መሣሪያዎቹ መግቢያ ራሱ የዘፈኑ ግማሽ አካል ነው።

የቅጂውን ፍጥነት አረጋግጡ። ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ ሮጠው ወይም ተጎትተው የቀሩ ብዙ ዘፈኖች አሉ። ድምፁ ከለመዳችሁት ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ከተሰማችሁ ከሸክላው ወይም ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያዩት። የሟቹን ድምፅ አጣምሞ ማስታወስ ከመርሳት አይሻልም። ለቀደመው ዘመን ዘፈኖች በጥንቃቄ የታተሙ ስብስቦች አሉ፤ “ኢትዮፒክስ” ከተባለው ተከታታይ ሥራ 17ኛው ቅጽ የጥላሁን፣ 9ኛው የዓለማየሁ እሸቴ ነው።

ያልተለመደ አንድ ዘፈን ጨምሩ። ሕዝብ በቃሉ የሚያውቃቸውን ማሰማት ግዴታ ነው፤ አንዱ ግን “ይህን የት ደብቆት ነበር?” የሚያሰኝ ይሁን።

5. ከድምፁ ኋላ ያሉትን ስም ጥሩ

ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረ፣ የተጫወተ አለ። የጥላሁንን የክቡር ዘበኛ ዘመን ስታነሡ የዜማ ደራሲውን ሣህሌ ደጋጎን ሳትጠሩ ካለፋችሁ ታሪኩን ጎዶሎ አደረጋችሁት።

ስለ ቅርቡ ዘመን ላንሣ። ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙ አድማጭ ስሙን እንጂ መልኩን በቅጡ አያውቀውም ነበር። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ልጅ ነበር። የቴዲ አፍሮን “አቡጊዳ”፣ የእዮብ መኮንንን “እንደ ቃል”፣ የሚካያ በኃይሉን “ሸማመተው” ያቀናበረው እሱ ነው። እዮብ የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ዐረፈ። ሚካያም ገና በወጣትነቷ ተከተለችው። ዛሬ “እንደ ቃል”ን የምታሰሙ አዘጋጆች በአንድ ዘፈን ሁለት ሟቾችን እያስታወሳችሁ ነው፤ አንዱን ብቻ ብትጠሩ ሁለተኛውን ደግማችሁ ቀበራችሁት።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ወይም በኋላ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብላችሁ ስም ጥሩ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ባለቤቱን ካላወቃችሁት በግምት አትሙሉት።

መብቱንም አስቡ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ወራሾቹ ዘንድ ይቆያል። ለመታሰቢያ ነው ብሎ መብቱን መርሳት፣ የሟቹን ልጆች አጽናንቶ ኪሳቸውን እንደ መዳበስ ነው።

6. እንግዳ ምረጡ፣ ጥያቄም አዘጋጁ

ሦስት እንግዳ ይበቃል፦ አብሮት የሠራ አንድ፣ ቤቱን የሚያውቅ አንድ፣ ሙዚቃውን የሚተነትን አንድ። ዝነኛ ዘፋኝ ብቻ አትፈልጉ። ድምፁን የቀረጸው ቴክኒሺያን፣ ጊታር የያዘለት፣ የባንዱን ዕቃ ጭኖ ክፍለ ሀገር ያዞረው ሾፌር የሚያውቁትን ታዋቂዎቹ አያውቁትም።

ስትደውሉ በቅድሚያ “እግዚአብሔር ያጥናዎት” በሉ፤ ሙስሊም ከሆኑም ለቤታቸው በሚስማማው ቃል አጽናኑ። ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የድሬዳዋ ልጅ፣ የብዙ ቋንቋ ዘፋኝ፣ ሙስሊምም ነበር፤ ሁሉንም ሟች በአንድ ዓይነት የሐዘን ቃል መሸኘት አይቻልም። ከዚያ ዝምታ ስጧቸው። ቀጥሎ ነው ስለ ዝግጅቱ የምትናገሩት። “ዛሬ አልችልም” ካሉ አመስግናችሁ ተሰናበቱ፤ አርባው ላይ ትደውላላችሁ።

መጥፎ ጥያቄ “መሞቱን ሲሰሙ ምን ተሰማዎት?” የሚለው ነው። ምን ሊሰማቸው ነበር? ልቅሷቸውን ለመቅረጽ ብቻ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ የአልቃሿ ዓይነት ነው፦

“ልምምድ ላይ አንዱ ሲሳሳት ምን ይል ነበር?”
“መድረክ ሊወጣ ሲል እጁ ላይ ምን ይይዛል?”
“አዲስ ግጥም ሲመጣለት መጀመሪያ ለማን ያነብ ነበር?”
“ያልዘፈነው፣ ልዘፍነው ይል የነበረ ዜማ አለ?”

መልሱን ቀድማችሁ ቅረጹት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በቀጥታ ስርጭት ያላሰበውን ሊናገር ይችላል፤ ኋላ ይጸጸታል። ስትቆርጡም ከንግግሩ መሐል ያለውን ትንፋሽ አትልቀሙት፤ ሰው የሚያስታውሰው እየተነፈሰ ነው።

7. ስክሪፕቱን ለአፍ ጻፉ

በመጀመሪያ የአክብሮቱን ነገር ወስኑ። ሟቹን “እሱ” ትሉታላችሁ ወይስ “እሳቸው”? በዕድሜ የገፉ፣ ቤተሰባቸው “አንቱ” የሚላቸው ከሆኑ “እሳቸው” ይገባል። ሕዝብ ግን ለሚወደው ድምፃዊ “እሱ” ማለት ይወዳል፤ ጥላሁንን “ጥሌ” እያለ ነው ያቆየው። ለምንወደው “አንተ” ማለት ንቀት አይደለም። ክልክሉ መቀላቀል ነው፦ በአንዱ ዐረፍተ ነገር “ዘፈነ”፣ በቀጣዩ “ዘፈኑልን” ካላችሁ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። እንግዳችሁ “ጋሼ” ቢል፣ ሌላው “ጥላሁን” ቢል የየራሳቸው ዝምድና ነው፤ አታርሙት።

ቀጥሎ ስክሪፕቱን አንብባችሁ ከዚህ በታች ያሉትን ሰርዙ፦ “ታላቁ”፣ “ዝነኛው”፣ “እንቁው”፣ “ፈርጡ”፣ “የማይተካው”፣ “ሞት ጨካኙ”። በቦታቸው ያደረገውን አስገቡ። “ታላቁ ድምፃዊ” ከማለት “ገና በልጅነቱ ከወሊሶ መጥቶ ሀገር ፍቅር የገባው” ብትሉ ታላቅነቱን አድማጩ ራሱ ይለዋል።

መክፈቻው ላይ ሰላምታ አታስቀድሙ። ድምፁ ይቅደም። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ዘፈኑ ከመሐሉ ጀምሮ 40 ሰከንድ ይሰማል፤ ዝቅ ይላል።
“ስሙን ሳልጠራው አወቃችሁት። በ1933 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ተወለደ። በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ዐረፈ። በሁለቱ በዓላት መካከል 68 ዓመት አለ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት የሚበልጠውን ሲዘፍን ነው የኖረው። ዛሬ ከእሱ ጋር አንድ ሰዓት አለን።”
ዘፈኑ ከፍ ብሎ እስከ መጨረሻው ይሰማል።

እዚህ ውስጥ አንድም ውዳሴ የለም። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ እስትንፋስ የሚያጥራችሁ ቦታ ላይ ዐረፍተ ነገሩን ክፈሉት።

8. ሰዓቱን ከፋፍሉ

የ60 ደቂቃ ዝግጅት እንዲህ ቢደለደል መልካም ነው።

ከ0 እስከ 6 ደቂቃ፦ ድምፁ፣ አጭር መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ዘፈን።
ከ6 እስከ 18፦ ልጅነቱና አጀማመሩ፤ አንድ ዘፈን፤ ቤቱን የሚያውቅ እንግዳ።
ከ18 እስከ 32፦ ሥራው፤ ሁለት ዘፈን፤ አብሮት የሠራ ሰው፤ የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች።
ከ32 እስከ 42፦ ያልተለመደው ዘፈንና የሙዚቃ ባለሙያው ትንታኔ።
ከ42 እስከ 54፦ የአድማጮች ስልክ፤ አንድ የደስታ ዘፈን።
ከ54 እስከ 60፦ የቀብር ወይም የለቅሶ ቦታ ማስታወቂያ ቤተሰቡ ከፈቀደ፤ የመጨረሻው ሙሉ ዘፈን።

ማስታወቂያዎቹን ቀድማችሁ ከገበያ ክፍሉ ጋር ተነጋገሩባቸው። ከዜና ዕረፍት ቀጥሎ የጭፈራ ማስታወቂያ ሲፈነዳ የሚያፍረው ጣቢያው ብቻ አይደለም፤ ያስነገረውም ድርጅት ነው። ከፊትና ከኋላ ሰብሰብ ብለው ቢገቡ ሁሉም ይስማማል።

በዓል ላይ የሞተ ሰው ደግሞ የተለየ ጥበብ ይፈልጋል። ጥላሁን በፋሲካ ነው ያረፈው፤ በየቤቱ ዶሮ ወጥ ቀርቦ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የበዓሉን ሙዚቃ በድንገት አትቁረጡት። አጭር ዜና፣ አንድ ዘፈን፣ ጸጥታ፤ ሰፊው ዝግጅት በማግስቱ ይሁን።

9. ስልኩን ስትከፍቱ

አድማጭ ሲደውል “ሐዘንዎን ይግለጹ” አትበሉት፤ ሁሉም ያንኑ ቃል ይደጋግማል። አንድ ጥያቄ ስጡት፦ “ይህን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙት የት ሆነው ነው?” አንዱ በሰርጉ ቀን ይላል። ሌላው በወታደር ካምፕ፣ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሃያ ሰው ተሰብስቦ ይላል። ሌላዋ ቤይሩት ውስጥ ብቻዋን ልብስ ስትተኩስ ትላለች። በእነዚህ ትዝታዎች የሟቹ ሕይወት ከራሱ ዕድሜ ይረዝማል።

ስልክ የሚቀበል ሰው ይኑራችሁ። “ልጁ ነኝ”፣ “ያልታወቀ ምሥጢር አለኝ”፣ “የገደሉት እነ እገሌ ናቸው” የሚል ደዋይ ሳይጣራ አየር ላይ አይውጣ። የሚያለቅስ ደዋይ ካጋጠማችሁ አትቸኩሉበት፤ “አይዞዎት፣ እዚሁ ነን” ብላችሁ ጠብቁ። ማውራት ካቃተው “ዘፈኑን አብረን እንስማ” ብላችሁ ሙዚቃውን አስገቡ።

10. ስቱዲዮ ውስጥ

ከመግባታችሁ በፊት ዘፈኖቹን በቅደም ተከተላቸው አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ተጠባባቂ ቅጂ ያዙ። የሟቹን፣ የወላጆቹንና የትውልድ ቦታውን ስም አጠራር ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሐረሪ ወይም ሌላ ቋንቋ ከሆነ እንደምትገምቱት አታንብቡት። ጠብቆ የሚነበበውን ስም ማላላት ቤተሰቡን ያስከፋል።

ዝምታ ለማድረግ ካሰባችሁ ለቴክኒሺያኑ ቀድማችሁ ንገሩት። ድምፅ ሲቋረጥ ተጠባባቂ ሙዚቃ በራሱ የሚያስገባ መሣሪያ ያላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ በጸሎት መሐል ጭፈራ ሊገባባችሁ ይችላል። ዝምታው አምስት ሰከንድ ይበቃል። በሬዲዮ አምስት ሰከንድ ረጅም ነው።

ድምፃችሁ ቢሰበር አትደንግጡ፤ ግን አትዘጋጁበት። የራሳችሁን ልቅሶ ያቀደ አዘጋጅ ቦታውን ከሟቹ ይወስዳል። እንባው ከመጣ ማይኩን ዝቅ አድርጋችሁ ዘፈኑን ልቀቁ። ዘፈኑ ለዚያ ነው የተሠራው።

11. ከዝግጅቱ በኋላ

ሥራው እዚህ አያልቅም። ሙሉውን ዝግጅትና ያልተቆረጡትን ቃለ መጠይቆች በቀን፣ በስምና በርዕስ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በተለያየ ቦታ ሁለት ቅጂ ይኑር። ያነጋገራችኋቸው ሽማግሌዎች ነገ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ዛሬ የተቀረጸው ትንፋሻቸው ለሚቀጥለው ዝግጅት ምንጭ ነው።

አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ላኩ። ሐዘንተኛ በለቅሶው ሰሞን ሬዲዮ አይከፍትም፤ የተባለውን የሚሰማው ከወራት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው። ለአርባውና ለሙት ዓመቱም ማስታወሻ ያዙ፤ “ዛሬ አልችልም” ያሉት እንግዳ ያኔ ይናገራሉ።

የእርምት ደብተር ይኑራችሁ፤ ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን ያረማችሁ ሰው የነገራችሁንም ጻፉበት። በዚያ ታላቁን ታናሽ ባደረግሁበት ዝግጅት የደወለው ወንድም በመጨረሻ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ያልጠየቅሁትን ነገረኝ፦ ሟቹ ልጅ ሳለ ውሃ ሲቀዳ እንስራው ውስጥ አፉን ከትቶ ይዘፍን ነበር፤ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ይስቃል። በሙት ዓመቱ ዝግጅቱን የከፈትኩት በዚህ ነው። ወንድምየው ሲደውል ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ “እሱ ነው።”